ስለ ትምህርት፥ ስለ መሣሪያና ቀርቦ ስለ መቀመጥ

በሐዋርያት ሥራ በ8ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ታሪክ የማያውቅ ምእመን በአገራችን አይገኝም። የንግሥት ህንደኬ ሹም የሆነው ይህ ሰው ሊሰግድ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ ሲመለስ፥ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምናነሣው ኢትዮጵያ ወንጌልን በመቀበል ቀዳሚ መሆኗን ለማመልከት ነው፤ ይህም የተገባ ነው። እኔ ግን በማስተማር ሥራ ብዙ ዘመን ከቆየሁ በኋላ ታሪኩ ሌላ ነገር ይነግረኝ ጀመር።

ጃንደረባው ምን ጎደለው? በዚያ ዘመን ጥቂቶች ብቻ ሊገዙት ይችሉት የነበረው የመጽሐፍ ጥቅል በእጁ ነበረ። የሚጓዝበት ሠረገላም ነበረው። ማንበብ ያውቃል፤ ለማወቅም ይጓጓል፤ ባይጓጓማ ኖሮ በጋዛ ምድረ በዳ መንገድ ላይ እየተንገጫገጨ ባላነበበም ነበር። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ፊልጶስ የሚያነብበውን ያስተውል እንደ ሆነ በጠየቀው ጊዜ፥ የሚመራው ሰው ሳይኖር እንዴት ሊያስተውል እንደሚችል መልሶ ጠየቀ። ፊልጶስም በመንገድ ዳር ቆሞ ትርጓሜውን አልጮኸበትም። ሮጦ ደረሰበት፥ ጠየቀው፥ በተለመነም ጊዜ ወደ ሠረገላው ወጥቶ አብሮት ተቀመጠ፤ ትምህርቱንም ጃንደረባው ካነበበው ከዚያው ክፍል ጀመረ።

ይህን የምጽፈው ከአርባ ምንጭ ነው። ከተማችን ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በላይ፥ ከጋሞ ደጋ ተራሮች ሥር ተቀምጣለች፤ ስሟንም ያገኘችው በአጠገቧ ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተከፈተባት፥ ይኸው ተቋም በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሆነባት ከተማ ስለ ሆነች፥ ቴክኖሎጂ የሚለው ቃል ለነዋሪዎቿ እንግዳ አይደለም። ዛሬ በቆላውም በደጋውም የእጅ ስልክ ያልያዘ ወጣት ማግኘት እየከበደ ሄዷል። ከዚህም የተነሣ በመካከላችን ሁለት ዓይነት ንግግር ይሰማል። አንዳንድ አረጋውያን ስልክ የልጆቻችንን ልብ ሰርቆ ወሰደ ይላሉ፤ አንዳንድ ወጣቶች ደግሞ ሁሉ በስልክ ስለሚገኝ ከእንግዲህ መምህር ምን ያደርጋል ይላሉ። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች የሚከራከሩት ስለ ዕቃው ነው፤ ሰው እንዴት እንደሚማር ግን የጠየቀ የለም።

ቤተ ክርስቲያናችን መሣሪያን ስትሸሽ የኖረች አይደለችም። የፍየል ቆዳ ወጥሮና ፍቆ ብራና ማውጣት፥ ቀለም መበጥበጥ፥ መቃ ቀርጾ መጻፍ፥ ጥራዙን በእንጨትና በቆዳ መደጎስ በዘመኑ ከፍ ያለ ጥበብ ነበረ። በጋሞ ምድር የምትገኘው ጥንታዊቷ የብርብር ማርያም ቤተ ክርስቲያን የቆዩ የግእዝ መጻሕፍትን ጠብቃ መኖሯ፥ ይህ ጥበብ ምን ያህል ርቆ እንደ ተጓዘ ያሳያል። መጽሐፉ ግን በራሱ እግር ተራራ አልወጣም፤ ተሸክሞት የወጣ፥ ቁጭ ብሎም ያስነበበ ሰው ነበረ።

የኅትመትም ነገር እንዲሁ ነው። በግእዝ ፊደል ከሁሉ አስቀድሞ የታተመው መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊት ሲሆን፥ የታተመውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1513 ዓ.ም. በሮም ከተማ ነው። አሳታሚው ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ካህን ነበረ። ይህ ሰው በሮም የነበሩትን ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ሲያዜሙ ሰምቶ ልቡ ስለ ተነካ፥ ፊደሉንና ንባቡን ከእነርሱው ተማረ፤ የተማረውንም ለማተሚያ ሰጠ። ቋንቋውን «ከለዳዊ» ብሎ መሰየሙ ስሕተት ነው፤ ነገር ግን ከሰው አገር ሰው ጋር ተቀምጦ ዳዊት ላነበበ ሰው ይህን ያህል ስሕተት ይቅር ሊባልለት ይገባል። ከ35 ዓመት በኋላም አባ ተስፋ ጽዮን በዚያው በሮም ሐዲስ ኪዳንን ማሳተም ጀመሩ። ማተሚያው የአውሮፓ ነበረ፤ ሆኖም ሰው ከሰው ጋር ባይቀመጥ ኖሮ ያ ብረት የእኛን ፊደል ከየት ያውቀው ነበር?

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ትምህርት ቤት እንመለስ። ፊደል ቆጥሮ የጨረሰ የአገራችን ልጅ ከጥንት ጀምሮ በመጀመሪያ ንባብ የሚማረው የዮሐንስን መልእክት ነው። አባቶች ከመጻሕፍት ሁሉ ይህን የመረጡበትን ምክንያት ሊቃውንት ያስረዱን፤ እኔ ግን መክፈቻውን ባሰብሁ ቁጥር እደነቃለሁ። ሐዋርያው የሚናገረው የሰማውን፥ በዓይኑ ያየውን፥ በእጁም የዳሰሰውን መሆኑን በመግለጥ ይጀምራል። በሁለተኛውና በሦስተኛው መልእክቱ መጨረሻ ደግሞ፥ ብዙ የሚጽፈው ነገር ሳለው በቀለም ሊጽፍ እንዳልወደደ፥ መጥቶ አፍ ለአፍ ሊነጋገር ተስፋ እንደሚያደርግ ይናገራል። አንባቢ ሆይ፥ ልብ በል፤ ይህን የጻፈው በቀለም ነው። መሣሪያውን አልናቀውም፥ ተጠቅሞበታል፤ ነገር ግን መሣሪያው የማይደርስበትን ስፍራ ያውቅ ነበር።

በቅኔ ቤትም ተማሪው ቀን ከዛፍ ሥር ብቻውን ቅኔ ሲቆጥር ይውልና ማታ ለየኔታ ይነግራል። መምህሩም ይሰማል፥ ያርማል፥ ያልቀናውን ይመልሳል፤ ከፍ ያለው ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ ታናሹን ይረዳል። የኔታ ግን የሚሰሙት ቃሉን ብቻ አይደለም። ልጁ በራብ ደክሞ እንደ ሆነ፥ ቁራሽ ሊለምን ሄዶ ውሻ አባርሮት እንደ ሆነ፥ ከጓደኛው ተጣልቶ እንደ ሆነ ከድምፁ ያውቁታል። በዚህ ሥርዓት ጉድለት አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ አለንጋው ስንቱን ልጅ ከደጀ ሰላም እንዳስኮበለለ የምናውቅ እናውቃለን። ይሁን እንጂ ያልገባው ተማሪ ሳይታወቅበት ወራት ሊያልፍ የሚችልበት ቤት አልነበረም።

እኔ የሠራሁበት ቤት ግን እንዲህ ያለ ቤት ነበረ። ይህም እንዴት እንደ ሆነ ልናገር።

በ1997 ዓ.ም. በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትምህርት በሳተላይት እየተላለፈ በትልቅ የቴሌቪዥን መስኮት ይሰጥ ጀመር፤ ሁላችንም «ፕላዝማ» እንለው የነበረው ነው። የታሰበው ነገር መልካም ነበረ፤ በጠረፍ ያለ ልጅ በዋናው ከተማ ካለው ልጅ ጋር አንድ ዓይነት ትምህርት እንዲያገኝ ነው። ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት የኬሚስትሪን ሙከራ በዓይን ማሳየት እንደ ቀላል የሚቆጠር አይደለም። ነገር ግን በመስኮቱ ውስጥ ያለው መምህር የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነበረ፤ ጥያቄ ይጠይቅና ጥቂት ቆይቶ መልሱን ራሱ ይመልሳል፤ ቆይ ቢሉት አይቆይም፥ ድገም ቢሉት አይደግምም። የክፍሉ መምህር በመጀመሪያና በመጨረሻ ጥቂት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይሰጠው ነበር።

በዚያ ዘመን እኔ ግድግዳ ተደግፌ፥ እጄን አጣምሬ እቆም ነበር። ከእኔ የተሻለ መምህር እያስተማራቸው ነው ብዬ ኅሊናዬን አሳረፍሁ። በሦስተኛው ረድፍ ከጨንቻ ደጋ የመጣ የሸማኔ ልጅ ይቀመጥ ነበር። በቤቱ የሚናገረው ጋሞኛ ነው፤ አማርኛን በትምህርት ቤትና በገበያ ተምሯል፤ እንግሊዝኛን ግን ከመጽሐፍ በቀር ከሰው አፍ አልሰማም። በመስኮቱ የሚታየውን ሁሉ በፍጥነት ይጽፋል፤ ደብተሩ እጅግ ንጹሕ ስለ ነበረ ለሌሎቹ ምሳሌ አድርጌ አሳይቼዋለሁ። አንድ ቀን ትምህርቱ ገና ሲጀመር መብራት ጠፋ። ጠመኔ አንሥቼ ወደ ሰሌዳው ሄድሁና ባለፈው የተማርነውን እንዲነግረን ያንን ልጅ አስነሣሁት። ዝም ብሎ ቆመ። ደግሜ ብጠይቀው፥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፥ እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልገባኝም» አለኝ። ትምህርት ከተጀመረ አምስት ወር አልፎ ነበር።

ጃንደረባው በሠረገላ ላይ እንደ ነበረ ያ ልጅ በወንበሩ ላይ ነበረ፤ ፊልጶስ ግን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

ከዚያ በኋላ ከቀትር በኋላ እየመጣሁ ከእርሱና ከሦስት ጓደኞቹ ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ እቀመጥ ጀመር። እኔ በአማርኛ አስረዳለሁ፤ ከእነርሱ ፈጥኖ የገባው ለሌሎቹ በጋሞኛ ይነግራል። ጋሞኛ አላውቅም ነበርና በመጀመሪያ እንደ ትርፍ ሰው ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ሆኖም ነገሩ ሲገባቸው ፊታቸው እንዴት እንደሚለወጥ ለማየት ቋንቋ ማወቅ አያስፈልግም ነበር።

በሚቀጥለው መስቀል ልጁ ወደ አባቱ ቤት ጋበዘኝ። መስቀል በጋሞ ከበዓላት ሁሉ የሚበልጥ ነው፤ በአዲስ አበባ በሽሮ ሜዳና በየሠፈሩ ሸማ ሲሠሩ የከረሙት ሁሉ ወደ ተራራቸው ይመለሳሉ። የልጁ አባትም መጥተው ነበር። በዓሉ ካለፈ በኋላ፥ ከቀርከሃ በተሠራው ከፍተኛ ቤት አጠገብ፥ ታናሹን ልጃቸውን ሽመና ሲያስተምሩ አየሁ። ሸማኔው እግሩን ከጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ ይቀመጣል፤ ልጁ በጎኑ ነው። መወርወሪያውን ሲሰጡት እጃቸውን በእጁ ላይ ያደርጋሉ። ክር ሲበጠስ አይናገሩም፤ ሥራውን አቁመው የተበጠሰውን ፈልገው ይቋጥሩና ቋጠሮውን ያሳዩታል። በትልቁ ልጃቸው አስተርጓሚነት ስለ ፕላዝማው ብነግራቸው፥ «ያ መኪናችሁ ክር የተበጠሰበትን ያያል?» ብለው ጠየቁኝ። የምመልሰው አላገኘሁም።

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ አድሎ ይሆንብኛል። ከጋሞ ደጋ ብዙ ልጆች ከትምህርታቸው ተነጥለው፥ ከወላጆቻቸው ርቀው በከተማ ሸማ ቤት ከጧት እስከ ሌሊት እንዲሠሩ ተደርገዋል። ያ ልጅን መበዝበዝ ነው እንጂ ቀርቦ ማስተማር አይባልም፤ ልጅ በጎልማሳ አጠገብ መቀመጡ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ከዚሁ ጋር፥ ኢንተርኔትን ወደ ቋንቋችን ያመጡ ሰዎች «ድረ ገጽ» ሲሉ ድር የሚለውን ቃል መምረጣቸው ደስ ያሰኘኛል። ሸማኔን ብትጠይቁት ግን ድር ብቻውን ልብስ እንደማይሆን፥ ማግ እንደሚያስፈልገው ይነግራችኋል።

እስከ አሁን ስለ ክፍልና ስለ ደብተር ተናገርሁ። ከዚህ የከበደውን ያየሁት ግን በጎዳና ላይ በሆነው ነገር ነው። በመስከረም ወር 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢዋ ብዙ ሰዎች ተገደሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። ወሬው በስልክ አርባ ምንጭ ደረሰ። የሞተ ወንድሙን የሚያለቅስ ወጣት በአንድ ጊዜ ተቈጣ፤ ለበቀልም ተነሣ። በከተማው የሚኖሩ፥ ከነገሩ አንዳች የማያውቁ ሰዎች ሕይወትና ቤት በአደጋ ላይ ወደቀ። በዚያን ጊዜ የጋሞ ሽማግሎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በወጣቶቹ ፊት ተንበረከኩ። በጋሞ ሥርዓት ሣር ይዞ የሚለምንን ሽማግሌ ተላልፎ መሄድ «ጎሜ» ነው፤ ይኸውም መቅሠፍትን የሚያመጣ ነውር ማለት ነው። ወጣቶቹም ተመለሱ።

ሽማግሎቹ ስልክ አላጡም። መልእክት ጽፈው ቢልኩ ኖሮ ወጣቱ በጣቱ ገፋ አድርጎ ወደ ሚቀጥለው ባለፈ ነበር፤ የተንበረከከን ሽማግሌ ግን በጣት ገፍቶ ማለፍ አይቻልም። ከዚህም ይልቅ የሚያስገርመኝ ሌላ ነው። ወጣቶቹ የሣሩን ትርጉም ከየት ተማሩት? እኛ በክፍል አላስተማርናቸውም። ሽማግሎች በሚሰበሰቡበት በዱቡሻ ዳር ቆመው እያዩ፥ በአባቶቻቸው ጉልበት አጠገብ እየሰሙ ያደጉበት ትምህርት ነው። ፈተናው በደረሰ ቀን ማንም መጽሐፍ አልገለጠም፤ ሁሉም ያውቀው ነበር። የሽማግሎቹም ሥዕል በኋላ በዚያው በስልክ በመላው ኢትዮጵያ ታየ፤ ብዙ ሰውም አለቀሰ። ክፉውን ወሬ ያመጣው መሣሪያ መልካሙንም ወሰደ፤ በሁለቱ መካከል ግን በአስፋልት ላይ የተንበረከከ ጉልበት ነበረ።

ከዚህ በኋላ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ካህናትና ምእመናን ያን ጊዜ ሳትዘነጉት አትቀሩም፤ ብዙ ሰው የሰሙነ ሕማማትን ጸሎት በቤቱ ሆኖ በቴሌቪዥን የተከታተለበት ወራት ነው። መሣሪያው ባይኖር ኖሮ ምን እንሆን ነበር? እኔም ትምህርቱን በቴሌግራም እልክ ጀመር። የላክሁትን ተማሪው ሲከፍተው ሁለት ምልክት ይታየኛል፤ ማየቱን ነገረኝ፥ ማስተዋሉን ግን አልነገረኝም። ስለዚህ ከሦስት ሳምንት በኋላ መላኩን ቀንሼ መደወል ጀመርሁ፤ በቀን ለስድስት ለሰባት ተማሪ፥ ለእያንዳንዱ ጥቂት ደቂቃ። የምጠይቀውም «የት ላይ ቆምህ?» ብዬ ነበር። በደጋው አንድ ስልክ ለአራት ልጆች የሚደርስበት ቤት አጋጠመኝ። ትልቋ ልጅ ጮኽ ብላ ታነባለች፥ ሦስቱ ይሰማሉ፥ ከዚያ እርስዋ ትጠይቃቸዋለች። ቅኔ ቤት ሳትገባ አስነጋሪ ሆናለች።

በስልክ መቅረብ አይቻልም የሚል ሰው ቢኖር አልስማማም። በዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት እኅት፥ በሳምንት አንድ ቀን ማታ ሥራዋን ጨርሳ ለንስሐ አባትዋ ትደውልና ውዳሴ ማርያም በቃልዋ ታጠናለች። እርሳቸውም ያቺን ሰዓት ለሌላ አይሰጡም። በክርስትና ስምዋ ይጠሯታል፥ እንዳልበላች ከድምፅዋ ያውቃሉ፥ ያን ዕለት ትምህርቱን ያሳጥሩታል። እኚህ አባት በእኔ ዘንድ ወደ ሠረገላው ከወጡት ወገን ናቸው፤ በአንጻሩ እኔ ከዚያ ልጅ አምስት እርምጃ ርቄ ቆሜ ሳለሁ በውጭ አገር እንዳለ ሰው ነበርሁ።

እንግዲህ በየአጥቢያው ሰንበት ትምህርት ቤት የሚያገለግሉ ወንድሞችና እኅቶች መዝሙሩንም ስብከቱንም በስልክ መላካቸውን አልቃወምም። ነገር ግን ተልኮ የደረሰውን ሁሉ በሚቀጥለው እሑድ አንድ ሰው ከአንድ ሰው ጋር ተቀምጦ ቢጠይቅበት መልካም ነው፤ ለሠላሳ ሰው የተላከውን ለሠላሳ ሰው መጠየቅ አድካሚ መሆኑን አውቃለሁ፤ አስተማሪ ሲበዛ ግን ይቀላል፤ አስተማሪም የሚበዛው ትናንት የተማረው ዛሬ ታናሹን ሲያስጠና ነው። ካህናት አባቶችም ወጣቱ በስልኩ ምን እንደሚሰማ ሳይጠይቁ ከማውገዝ፥ «እስኪ አሰማኝ» ቢሉት ይቀርባቸዋል።

በአጥቢያችን ያሉ አንድ መሪጌታ ይህን ማድረግ ጀምረዋል። ወጣቶቹ ዜማውን ከስልክ አጥንተው ይመጣሉ፤ እርሳቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው ይሰማሉ። ስለ አንዱ፥ «ዜማውን ይዞታል፤ ትንፋሹን የት እንደሚወስድ ግን ስልኩ አልነገረውም» አሉኝ። ባለፈው ዐቢይ ጾም ደግሞ ከወጣቶቹ አንዱ፥ ያረፉት የመሪጌታው የድጓ መምህር ከብዙ ዘመን በፊት በካሴት ተቀድተው የነበረውን ወደ ስልኩ አዛውሮ አመጣላቸው። ሁላችንም በዙሪያቸው ተቀመጥን። መሪጌታው ዓይናቸውን ጨፍነው ያለ ቃል ሲሰሙ ቆዩና በአንድ ስፍራ እጃቸውን አነሡ፤ ልጁም አቆመው። «እዚህ ላይ ሦስት ጊዜ መልሰውኛል» አሉ። ጥቂት ዝም ብለው ልጁን ወደ እርሳቸው እንዲጠጋ በእጃቸው ጠሩትና፥ «ድገመው፤ አንተም አብረህ በል» አሉት።